አረቄ የማይጥለው

የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሥራ የጀመርኩት እነዋሪ አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋን እጠብቅ ነበር። የተሰጠኝ ቦቲ፣ ወፍራም ጓንት፣ ጭምብል፣ በጀርባ የሚታዘል መርጫና አካፋ ነው። አካፋው ለምን እንደሆነ አለቃዬን፣ የእንስሳት ሐኪሙን ዶክተር ወንድወሰንን ጠየቅሁት። ዋናው መሣሪያሽ እሱ ነው አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በዚያው ቀን አቶ ታደለ የሚባሉ ገበሬ ዘንድ ተጠራን። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ በድንገት ወደቀ። ሥጋው እንዳይባክን ሳይሞት ቀድመው በረቱ ውስጥ አረዱት፤ ደሙ ጠቁሮ አልረጋ ሲል ደነገጡና ደወሉ። አባ ሰንጋ ነበር። በድኑን አቃጠልን፣ የነኩትን ሰዎች ጤና ጣቢያ ላክን፣ የተረፈውን በሬ ዶክተሩ መድኃኒት ወጋው። የቀረው ድንጋይ የተነጠፈው በረት ነው። የተረፈውም በሬ እዚያ ገብቶ ከሞተ አቶ ታደለ የሚያርሱበት የላቸውም።

እሳቸው ግን በረቱን ቀድመውን አጽድተውታል። ለልጃቸው ሠርግ የተዘጋጀውን አረቄ በሙሉ ደፉበት። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦታል፤ እንዲያ የተወደደ በረት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

"ዶክተር፣ ይኸ አረቄ እኔን እንኳ ይጥለኛል። ለዚች ለማትታይ ነገር ያንሳል?"

"ጋሼ፣ ይቺ አትጠጣም" አለ ዶክተሩ።

ከዚያ አስረዳን። ጀርሙ ከደም ወጥቶ አየር ሲያገኝ ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ዘር ይለወጣል፤ ውስጡ ደረቅ፣ ላዩ በድርብርብ ልባስ የተሸፈነ ነው። አልኮል ይህን ዘር እንደተኛ ይተወዋል። እኛ የምንረጨው ፎርማሊን ግን ቀስ ብሎ ልባሱን ያልፍና ውስጡን ያስረዋል፤ ዘሩ ዳግም አይበቅልም። ቀስ ብሎ የሚለውን ደገመው። ፍግና ደም ላይ ከተረጨ መድኃኒቱ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ ብርድም ያዘገየዋል። በጥር ደግሞ እኛ ዘንድ ብርድ ሞልቷል።

አካፋው ያኔ ገባኝ። አቧራው እንዳይነሣ በመድኃኒት አርሰን ፍጉን ጠርገን አቃጠልን። ከዚያ ድንጋዩንና ግድግዳውን እስኪርስ ድረስ እንደገና ረጨሁ።

ሽታው ሲሰነፍጣቸው አቶ ታደለ በቃ ጀርሙ ሞተ ብለው በሬውን ወደ በረቱ መጎተት ጀመሩ። ዶክተሩ እስከ ነገ ይቆይ አለ። እሳቸው ጅቡንና ውርጩን ቆጠሩለት፣ እሱ ስፖሩን ቆጠረላቸው። በመጨረሻ ዶክተሩ ሰለቸው።

"ያስገቡት ጋሼ። ሲወድቅ ግን እንዳያርዱት፤ ይደውሉልኝ።"

አቶ ታደለ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ በሬውን ለሠርጉ ወደተጣለው ዳስ ወሰዱት። ሙሽራዋ ልጃቸው አለቀሰች። በሬው ከሙሽሮቹ ቀድሞ ዳስ ገባ።

ሠርጉ ያለ አረቄ ተደገሰ፤ እንግዳው ቅር ብሎት ሄደ። በክረምት በዚያ ሳልፍ ያ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ቆሜ አየሁት፤ በጣም ደስ አለኝ። አቶ ታደለ ሰላም ካሉኝ በኋላ መጀመሪያ ያነሡት ግን የአረቄውን ነገር ነው።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ ሽታ ስፖር አይገድልም። መጀመሪያ አቧራው ረጥቦ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ በመድኃኒት ይርሳል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ሰው የማይወደው መጠበቁን ነው፤ ስፖሩን የሚገድለውም እሱ ነው።