እሱና እሷ የሌሉበት ቋንቋ

የመናኸሪያው ሠራተኞች «እመት ማይክ» ይሏታል። ከመስታወት ክፍሏ ሆና የሚገባውንና የሚወጣውን አውቶቡስ የምታስታውቀው እሷ ናት። ያደገችው በሁለት ቋንቋ ነው፤ በእናቷም በአባቷም። የአባቷ ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሙሽራውም ሙሽሪትም በአንድ ቃል ይጠራሉ። አዲስ ያገባች ሰሞን ምላሷ አምልጧት ባሏን «እህትህ መጣ» ብትለው፣ እህትየው ከበሩ ላይ ሆና «ጢም ያወጣሁት ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ቤቱን በሳቅ አፍርሳዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መናኸሪያው በሰው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አንዲት ሴት አንድ እግር ጫማዋን የትም ጥላ የመስታወቱን ክፍል በርግዳ ገባች። ጥበቃው ከኋላዋ ደረሰና «የምትለው አልገባኝም፣ እስቲ አንቺ ስሚያት» አለ።

የምትናገረው የእመት ማይክን የአባት ቋንቋ ነበር።

«ልጄ» አለች ሴትየዋ። «የአራት ዓመት ልጅ። ቀይ ሹራብ፣ አጭር ጸጉር። ትኬት ልቆርጥ ዞር አልኩ፣ በቃ።»

እመት ማይክ ማይኩን አንስታ በእናቷ ቋንቋ ተናገረች፦ «ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ጸጉሩ አጭር የሆነ የአራት ዓመት ልጅ ጠፍቷል። ያያችሁ ወደ መረጃ ክፍል አምጡልን።»

ጥበቃዎቹና ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ተበተኑ። ቀይ ነገር የለበሰ ወንድ ልጅ ሁሉ እየተጎተተ መጣ። እናትየው በመስታወቱ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። አውቶቡሶቹ ደግሞ መውጣታቸውን አላቆሙም፤ አንዱ ጡሩምባውን በነፋ ቁጥር እመት ማይክ ወደ መውጫው በር ታያለች።

«ጸጉሩ ምን ያህል አጭር ነው?» አለቻት፣ ዝም ከማለት ብላ።

«በሕመሙ ጊዜ ተላጨ። ሲያድግ እንደገና እጎነጉነዋለሁ።»

እመት ማይክ ክው አለች። ቀጥሎ የጠየቀችውን ለመጠየቅ በአባቷ ቋንቋ ሌላ ቃል መፈለግ ነበረባት።

«ልጅሽ ወንድ ነው ሴት?»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየቻት። «ሴት ናት እንጂ። ነግሬሽ የለም እንዴ?»

አልነገረቻትም። ቋንቋው አያስነግርም፤ እመት ማይክም አልጠየቀችም።

ማይኩን መልሳ አነሳች። «ይቅርታ፣ የጠፋችው ሴት ልጅ ናት። ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ጸጉሯ አጭር የሆነ። በር ላይ ያላችሁ ሹፌሮች እባካችሁ ቁሙ፣ ወንበሮቻችሁን እዩልን።»

እናትየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች።

በመጨረሻ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ልጅቷን ታቅፎ መጣ። «ከኋላ ወንበር ተኝታ ነበር» አለ። «ቅድም ስትናገሪም አይቻት ነበር፤ ጉትቻዋን ሳይ ሴት ናት፣ የሌላ ተሳፋሪ ልጅ ትሆናለች ብዬ ተውኳት። ልንወጣ በሩ ላይ ነበርን።»

እናትየው ልጇን ተቀብላ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ነቅታ ውሃ አለች። እመት ማይክ ልትቀዳላት ሄዳ ግማሹን ደፋችው።

ማስታወቂያውን ሰምቶ የመጣው አለቃዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ተገኘች አይደል? አሁን ምን ያርበተብትሻል?»

«አውቶቡሱ በሩን አልፎ ቢሆን ኖሮስ?»

የሚነሳ አውቶቡስ ስለነበረ አለቃው ማይኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ራሱ አስታወቀላት።