ሙላት መጣ ሲሉኝ

ባልንጀራዬን የሺን የምትወደውን ሰው ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም ሻርኩ፣ ጎረቤት አማሁ እያልኩ ስናዘዝ ኖሬ ይችን አንዷን ምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። የቆጠርኩት ፊደል ጥቂት ነው፤ ቢሆንም በራሴ እጅ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ፎገራ ላይ ሩዝ አልመጣም ነበር። ነሐሴ ላይ ደቦ ወጥተን ዳጉሳ እናርማለን። ሙላት የሚባል ጎረምሳ የአባቱን ላሞች ከማሳው ማዶ አሰማርቶ፣ ደቦው ሁሉ እየሰማ ለየሺ ዘፈነላት፦

ነይ እንኑር ከሜዳው ሣሩ ነው አልጋችን፣
ምን አጥተን ምን ሽተን ላሟ ናት ጓዳችን።

የሺ ድምፅ እንጂ ግጥም አልተሰጣትም። የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እሺ በይልኝ እስቲ፤ ደስ በሚል አድርገሽ» አለችኝ።

እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ለእኔ ከበደኝ። እኔንም አንዱ በሣር አልጋ አባብሎ አግብቶኝ ነበር። ጎርፍ ቤታችን የገባ ዕለት እኔን ቆጥ ላይ ትቶ ላሞቹን ይዞ ወደ ደጋው ወጣ። ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። እናም እንዲህ ብዬ አቀበልኳት፦

ሙላት መጣ ሲሉኝ እንዴት እተኛለሁ፣
ያለኝን ጠቅልዬ ከቤት እወጣለሁ።

የሺ የልጁን ስም ሰምታ ፊቷ በራ። እኔ ያሰብኩት ግን የወንዙን ሙላት ነው፤ ሰው ጓዙን ይዞ የሚሸሸውን። በሙሉ ድምፅዋ አወጣችው። ሰው የሰማው የእኔን ነበር፤ ደቦው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ አራሚ «ሙላት፣ ሰማህ ወይ? ጓዟን ጠቅልላ ልትሸሽህ ነው» አለው። ሙላት በማግስቱ ከብቱን ነድቶ ሄደ። በሐሙሲት በኩል አገባ መባሉን ሰማን።

የሺ ለምን እንደተሳቀ አልገባትም። ራሷ የገጠመችው ስለመሰላቸው ማንም አልፈታላትም። «ምን አጠፋሁ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «በዘፈን የሚሄድ ወንድ ድሮም አይቆይም» አልኳት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ሽማግሌ ዳሯት፤ ቀበረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሙላትን ውሸታም ስትል ሰምቼ ዝም አልኩ። የሰው ድንበር በአንድ ፈር ተገፋ ብዬ ሽማግሌ ፊት ስጮህ የኖርኩ ሴት፣ ለዚህ ዝም አልኩ። ላስጠነቅቃት ነበር ልበል? አይደለም። ሳቁን ፈልጌው ነበር። እኔ ያጣሁትን እሷ እንዳታገኝ ፈልጌ ነበር።

ዘንድሮ በጋ ለጉልበታችን ብለን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄድን። እግራችንን ነክረን ተቀምጠን ሳለ ነገርኳት።

«ድገሚልኝ» አለችኝ።

ግጥሙን ደገምኩላት። ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። «ጠቅልዬ» የምትለው ላይ ስደርስ ቆመ። እኔ በዚያች ሰዓት እንኳ ራሴን ላድን ፈለግሁ፤ «ጎርፉ መምጣቱ ግን እውነት ነበር እኮ። ያ የሣር አልጋ ያንኑ ክረምት ሰጥሟል» አልኳት።

እግሯን ከውሃው አወጣች።

«እኔስ የፎገራ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። «ጎርፉ እንደሚመጣማ አውቅ ነበር። ከእሱ ጋር መርጠብ ነበር የፈለግሁት።»