አራተኛው የኖራ መስመር

የማሽከረክርላት ልጅ ሪም ትባላለች። ሪያድ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። መንጃ ፈቃድ አላት፣ በመንዳቱም ከእኔ አታንስም፤ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ መዞር ግን ያንገሸግሻታል። እንጀራዬ በዚህ ስንፍናዋ ላይ ነውና አልወቅሳትም። ባለፈው ሳምንት በግቢው የጀርባ በር ደጃፍ ሳወርዳት፣ "አሚ እድሪስ፣ ይህን በር እዚህ ያወጣውን ሰው አላህ እጁን ይባርከው" አለችኝ፤ አሚ አጎቴ ማለቷ ነው። በዋናው በር ብትገባ ኖሮ ያን ሁሉ የመኪና ማቆሚያ በፀሐይ ልታቋርጥ ነበር። አሜን ማለት ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ያ በር፣ በር ከመሆኑ በፊት ቀዳዳ ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ግቢው ገና በግማሽ ተሠርቶ ተማሪ የገባበት፣ በግማሽ ደግሞ እኛ አሸዋና ሲሚንቶ የምናመላልስበት ቦታ ነበር። የምኖረው መንፉሐ ሰፈር፣ ከባቲው ልጅ ከሰይድ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። እኔ ከደሴ በኮንትራት፣ በአውሮፕላን የመጣሁ ባለ ኢቃማ ነኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ከኪሴ አይለይም። ሰይድ በባሕር፣ በየመን በኩል የገባ ነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ከአፍጋኑ ዳቦ ቤት ያን ሰፌድ የሚያህል ትኩስ ዳቦ እንገዛለን፤ ግማሹን በፉል እንበላና ግማሹን ሰይድ ለምሳችን በጋዜጣ ይጠቀልለዋል። ከዚያ አንድ መኪና ላይ ተሳፍረን ሄደን፣ ስንደርስ እንለያያለን። እኔ በዋናው በር ኢቃማዬን አሳይቼ እገባለሁ፤ እሱ ከጀነሬተሩ ጀርባ ይዞራል። እዚያ የአጥሩን ሽቦ በገዛ እጁ ቀልብሶ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ቀዳዳ አውጥቷል። እሱና ወደ አሥር የሚሆኑ ወረቀት አልባ ልጆች በእርሷ ይገቡ ነበር። አሠሪዎቹ ጉልበታቸውን ስለሚፈልጉት አላየንም ብለው ያልፏቸዋል።

ለሰይድ የቀረው አራት ወር ብቻ ነበር። እህቱ ፋጡማ ሹመይሲ አካባቢ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። እሷን ሳይዝ አገሩ ላይገባ ለእናቱ ምሎላቸው ነው የወጣው። ብሎኬት ተሸክሞ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር የሚያወራኝ ይህንኑ ነበር።

የግቢውን ፕላን ያወጣው ሰው መኪና ማቆሚያውን ከአንድ ዳር፣ መማሪያ ክፍሎቹን ከሌላው ዳር አድርጎ፣ በመሐል በማዕዘን የሚታጠፍ የእግር መንገድ አስምሯል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፤ ወረቀት ላይ ፀሐይ የለችማ! ተማሪው ግን የተሠራለትን መንገድ ትቶ በባዶው አሸዋ ማቋረጥ ጀመረ። ይህን ሊያስተካክል የመጣው ግብጻዊ መሐንዲስ መነጽረ ወፍራም፣ ለሰው ክፉ የማይናገር ሽማግሌ ነበር። ከጉልበት ሠራተኞቹ መሐል እኔን መረጠኝ፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሥዕል እወድ እንደነበር ነግሬው ኖሯል። ቂጡን በምስማር የበሳሳውን ቆርቆሮ በኖራ ሞልቶ ሰጠኝና፣ እግር ያጠነከረውን አፈር እየተከተልኩ እንዳሰምር አዘዘኝ። መጀመሪያ የሰው እግር ይናገር፣ ንጣፍና ጥላው ከዚያ ይከተላል አለ። "ዓይንህ ጥሩ ነው፣ አንድም እንዳታልፍ" ሲለኝ የተሾምኩ መሰለኝ።

ሦስቱን የተማሪዎች መንገድ በሁለት ቀን ጨረስኩ። አራተኛው ቀጭን ነበር። ከሕንፃው ተነሥቶ በጀነሬተሩ ጀርባ አጥሩ ድረስ ይሄዳል። የማን እግር እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ዱካው ውስጥ የሰይድ ሰንደል ራሱ ይታወቀኝ ነበር። ሆኖም አሰመርኩት። አንዱ ምክንያት ጉራ ነው፤ አንድም አላለፈውም እንድባል። ሌላው ሲነገር ያሳፍራል፦ ለእነ ሰይድም ንጣፍና ጥላ ይደርሳቸው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኝ እንዲህ ማሰቤ እስካሁን ይገርመኛል።

መሐንዲሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይዞኝ ወጥቶ ቁልቁል አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ጣቱ አራተኛው ላይ ቆመ። ሰው አጥር ጋ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ለሽንት ነው፣ ውሻ ነው፣ ምኑም ነው ማለት እችል ነበር።

"ቀዳዳ አለ" አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ የእጅም ነበረበት። ሽማግሌው ክፋት አላሰበም። ሰው ከቀደደው በር ያስፈልጋል ማለት ነው ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ ለሥራው ኃላፊም ነገረው። ከተጻፈ ወዲያ አላየሁም ማለት ያልቻለው ኃላፊ በሩ እስኪሠራ ብሎ፣ እኔ ሳልሰማ ዘበኛ አቆመበት።

በማግሥቱ ጠዋት ነው፣ ሙቀቱ ገና አልበረታም። ሌሎቹ ከውጭ ሆነው ዘበኛውን አይተው ተበተኑ፤ ሰይድ ግን ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ነበር። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ አፈሩ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከሃምሳ እርምጃ አልርቅም፤ ቆርቆሮዬን ይዣለሁ፣ ኢቃማዬ ኪሴ ውስጥ ነው። የሁለታችን ምሳ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ጭኑ ላይ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ሄጄ አጠገቡ ብቆም፣ ወረቀት የሌለው ሰው አብሮህ ይኖራል ወይ ብለው ይዘውኝ እንዳይሄዱ ፈራሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ኖራዬን ማፍሰስ ቀጠልኩ። ያን ቀን ያሰመርኩት መስመር ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

ሰይድን ተርሂል፣ ያ ተባራሪ የሚከማችበት እስር ቤት፣ ሦስት ሳምንት አቆይተው አሳፈሩት። ሻንጣውን ለፋጡማ ሳደርስላት በአሠሪዎቿ በር ስንጥቅ፣ "ወንድሜ፣ ቀዳዳዋን ማን አሳያቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አራቱን ወር ለብቻዋ ጨርሳ፣ ለብቻዋ ገባች።

ሰይድ አሁን ባቲ ውስጥ የራሱ ብሎኬት ማምረቻ አለው። በየዒዱ እንደዋወላለን። በየዒዱም፣ ሰላምታው ሲያልቅ፣ "ያቺን ቀዳዳዬን ማን አሳያቸው ይሆን?" ይላል እየሳቀ። እኔም እስቃለሁ። ሪም በሩን ያወጣውን ሰው ከመረቀች በኋላ ግን መሳቁ አስጠላኝ። ዒድ ሳይሆን በአዘቦት ቀን ደወልኩለት።

"ሰይድ፣ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው" አልኩት።

ከኋላው የብሎኬት ማሽኑ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለ። "ኖራው እኮ ቀዳዳዋ አፍ ድረስ መጥቷል። ቆርቆሮው ባንተ እጅ ነበር።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ትጠይቀኛለህ?"

"እንድትነግረኝ ነዋ። አብሽር፣ ኸላስ፣ አልፏል። ቆየህ እንጂ።"

ቆይቻለሁ። ስለ ኖራው ብዙ አስቤ ራሴን ይቅር ያልኩባቸው ቀናት አሉ፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላሰብኩትም እላለሁ። ጀርባዬን ለሰጠሁበት ጠዋት፣ ለፋጡማ ለዋሸሁበት፣ በየዒዱ አብሬው ለሳቅሁበት ግን ምክንያት አላገኘሁም። ሰውየው በየዓመቱ በር ሲከፍትልኝ እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት።

ትናንት ሪምን ሳወርዳት፣ በሩን ያወጣውን ሰው አውቀዋለሁ አልኳት። መሐንዲስ ነው ወይ አለችኝ። ብሎኬት ተሸካሚ ነበር፣ መጀመሪያ ሽቦውን በእጁ የቀለበሰው እሱ ነው አልኳት። ታዲያ መጥቶ ለምን አያየውም አለች። በዚሁ በር ተይዞ ከአገር የተባረረ ነው፣ ተመልሶ መግባት አይፈቀድለትም አልኳት። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩን ጥቂት አየችውና ስሙን ጠየቀችኝ።

"ሰይድ።"

"እንግዲያው አላህ የሰይድን እጅ ይባርከው።"

አሜን አልኩ።