የአይ ዘይነባ ቤት ዝምታ

ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ማይክ አላስነካኝም። ማይክ የሚሰቀልበትን ረጅሙን የቡም ዘንግ ባዶውን ተሸክሜ ስገተር ዋልኩ። ቀረጻው ሲያልቅ ተዋናዮቹን አስወጥቶ ባዶውን ክፍል መቅዳት ጀመረ።

«ምን እየቀዳን ነው?» አልኩት።

«ዝምታውን። የየቤቱ ዝምታ ይለያያል። ኤዲተሩ በንግግር መሀል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በዚህ ነው። ሁልጊዜ ሥራ ሲያልቅ ቅዳ።»

ሰውየው ጤነኛ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ ግን እኔም የድምፅ ባለሙያ ሆኜ እንዳለኝ አደረግሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምንሠራው ፊልም የሚበዛው የጦርነት ነው። የጦርነት ፊልም ሲባል ሰው ታንክ ይመስለዋል። ታንክ ከየት ይመጣል? የእኛዎቹ ሳሎን ተጀምረው ሳሎን ያልቃሉ። ልጅ ዘምቷል፣ እናት ስልክ ትጠብቃለች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

አንዱን ሐረር ጀጎል ውስጥ ቀረጽን። ቤታቸውን የፈቀዱልን እናት ሰፈሩ «አይ ዘይነባ» የሚላቸው ነበሩ። አይ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። የእሳቸውም ልጅ ፉአድ ዘምቷል፤ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል።

«ይህ ታሪክ አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ብቻዬን ከምጠብቅ ከናንተ ጋር ብጠብቅ ይሻለኛል» አሉኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው መርዶ የሚያረዱበትን ትዕይንት ስንለማመድ አይ ዘይነባ ከጥግ ሆነው ያርሙን ነበር። ተዋናዮቹ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ ደርድረው ገቡ።

«እንዲህማ አይሆንም» አሉ። «ወላሂ፣ የባለቤቴን መርዶ ይዘው የመጡት ሰውዬ ከነጫማቸው ምንጣፌ ላይ ወጡ። እግራቸው የት እንዳለ አያውቁትም።»

ዳይሬክተራችን ወጣት ነው። «ተመልካች የእኛ ስህተት ይመስለዋል፣ እናቴ» ብሎ አለፈው።

የቀረጻው ዕለት ማለዳ ተዋናዮቹ ጊዲር መጋላ ገበያ ሻይ ይዘው ቆዩ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ዝምታውን ቀድሜ ልቅዳ አልኩ። ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። አይ ዘይነባ ከምንጣፉ ከፍ ባለው ነደባ ላይ ተቀምጠው፣ እንዳይንሿሿ ብለው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓቸውን፣ በመዳፋቸው ጨበጡት። በጆሮ ማዳመጫዬ የምሰማው ምንም አልነበረም፤ ነገር ግን ቤቱ ራሱ የሚያዳምጥ መሰለኝ። ፈራሁ።

ቆይቶ ከደጅ ኮቴ መጣ። ከዚያ ሹክሹክታ።

«ማን ይጀምር?»

«አንተ በል።»

«ፉአድን እንዴት ብዬ ላንሳ?»

ተዋናዮቹ መጡ አልኩ በሆዴ። በፊልሙ ውስጥ ግን የልጁ ስም ሳሚር ነው። ዳይሬክተሩን ጠጋ ብዬ «ስም ተሳስተዋል» አልኩት። እሱም ወደ በሩ ዞሮ ጮክ ብሎ፣ «ስሙ ሳሚር ነው!» አለ።



«አይደለም» አለ ከውጭ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

በሩ ተከፈተ። የገቡት የማናውቃቸው ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሁለቱ ጫማቸውን አወለቁ። ከፊት የነበሩት ሦስተኛው ግን ከነጫማቸው ምንጣፉ ላይ ወጡ። አይ ዘይነባ የሽማግሌውን ፊት ቀና ብለው አላዩም። ያዩት እግራቸውን ነው።

«እኚህን እኔ አላስተማርኳቸውም» አሉ።

ሽማግሌው «ኢና ሊላሂ» ብለው ሲጀምሩ መቅጃውን አጠፋሁ። ተዋናዮቹ ሲደርሱ ሰፈሩን በለቅሶ ተሞልቶ አገኙት። ዕቃችንን ጥግ አስይዘን እኛም ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥን። ያን ትዕይንት ሳንቀርጸው ቀረ።

ሐዘኑ ጋብ ሲል አይ ዘይነባን ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ያን ዝምታ ይዘኸዋል?» አሉኝ።

«ይዤዋለሁ። ግን ኮቴያቸው አለበት።»

«ከኮቴው በፊት ያለውን ስጠኝ።»

ቆርጬ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስኪያልቅ ሰሙት። እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

«እዚህ ላይ ፉአድ ገና አለ» አሉ። ከዚያ እንደገና ከፈቱት።

ለጀማሪዎች የምነግራቸው አለቃዬ ከነገረኝ ይለያል። የቤቱን ዝምታ ሥራ ሳትጀምሩ ቅዱ። ሲያልቅ የምትቀዱት የሌላ ቤት ነው።