አባቴ ወሰን የመራ ዕለት

የልጅ ልጆቼ ከሮቢት ገበያ ጥንቅሽ ሲያመጡልኝ ጥርሴን አመካኛለሁ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥርሴ ምንም አልሆነም። የማልችለው ልጣጩ ሲቀደድ የሚወጣውን እርጥብ ሽታ ነው፤ ወዲያው ማሽላው መሃል፣ ከአባቴ ኋላ ያቆመኛል።

ያኔ ጣሊያን አገሩን ይዞ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ያሠራ ነበር። የኛ ቆላ በሁለት ምስለኔ የሚገዛ ነው። ከደብረ ሲና ገደል ከሚወርደው ደረቅ ወንዝ ወዲህ ያለው ለኛ ምስለኔ ይገብራል፤ ወዲያ ያለው ለማዶው። ወሰኑን ድሮ የቆረጡት ውርስ የተካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ይባላልና፣ ከማዶ ሰዎች ጋር ሥጋም ነን። ወንዙ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ለሁለት ይከፈልና መሃሉ ላይ ቁራሽ መሬት ይተዋል። ያች ቁራሽ የኛ ነበረች፤ ወሰኑ የማዶው ቅርንጫፍ ነው። ክርክር ሲነሳ ቁርአን ተሸክሞ ወሰን የሚመራው አባቴ ስለሆነ፣ የሱ እግር በረገጠበት ነገሩ ያልቃል።

አርበኞች የጣሊያንን ካሚዮን ያቃጠሉት እዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ነው። የጣሊያኑ ሹም መጣና በአስተርጓሚው በኩል "ይህ መሬት የየትኛው ምስለኔ ነው? የዚያ አገር ጎረምሳ በሙሉ ይታፈሳል" አለ። እጮኛዬ ከኛ ጎረምሶች አንዱ ነበር።

ወሰኑ በሚመራበት ጠዋት ለአባቴ የውዱእ ውሃ እያፈሰስኩ፣ "አባባ፣ ሠርጌ ከአጨዳ በኋላ ነው አይደል?" አልኩት። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ቀኑን የቆረጠው ራሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝና "ኢንሻ አላህ" አለ። ሌላ ምንም አላልኩም፤ አላስፈለገኝም።

ቁርአኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ላይ አኖረና በባዶ እግሩ ፊት ፊት ሄደ። ጣሊያኑ በበቅሎ፣ የሁለቱ ወገን ሰው በእግሩ ተከተለው። እኔ የውሃ ቅል ይዣለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የማሽላው ቅጠል እየተንሿሿ ክንዴን ይቧጥጠኛል፣ የበቅሎዋ ልጓም ይንቃጨላል። ከማሳው ዳር አንድ ጥንቅሽ ሰብሬ እየላጥኩ አኝክ ነበር።

ወንዙ የሚከፈልበት ላይ ሲደርስ አባቴ ቆመ። ከዚያ ወደ ቀረበው ቅርንጫፍ፣ ወደ ኛ ወዳለው ታጠፈ። ካሚዮኑ የነደደበት መሬት በአንድ እርምጃ የማዶ ሆነ።

የማዶው ሽማግሌ፣ ከአባቴ ጋር አብሮ ያደገው ባልንጀራው፣ "አንተ ሰው! ራስህ ላይ ያለውን ረሳኸው?" ብሎ ጮኸ። አባቴ ዘወር አላለም። እኔም ማኘኬን አላቋረጥኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ጥንቅሹም ጣፈጠኝ።

የማዶን ጎረምሶች በማግስቱ ጭነው ወሰዷቸው። የሽማግሌው አንድ ልጅ ከወጣበት አልተመለሰም። እኛ አጨድን፣ ወቃን፣ እኔም ተዳርኩ። አባቴ ሠርጌ ላይ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ፤ ሲስቅም አይቼዋለሁ። ቁርአን ግን ከዚያ ወዲያ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲቀራለት ይለምንና ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያዳምጣል። ወሰን ምራልን ብለው ሲመጡም እግሬን ያመኛል እያለ ይመልሳቸዋል። አሁን እዚያች መሬት ላይ ሽንኩርት ያለማሉ፤ የማን ነበረች ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም።

ጣሊያን ወጣ፤ ዓመታት አልፈው አባቴም ሞተ። የዚያ ያልተመለሰው ልጅ እናት ለቅሶ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

"አባትሽን አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን እውነተኛውን ወሰን ቢመራ ይሻል ነበር ትያለሽ?"

ከደጅ ባሌ ዳስ ከሚተክሉት ሰዎች ጋር ሲነጋገር ድምፁ ይሰማኛል። አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ጓዳ የተኛው ሕፃኔ ነቅቶ ሲያለቅስ እጄን ለቀቀችና "ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ" አለችኝ።

አጥብቼ ስመለስ ሄዳለች። ዛሬም መጥታ ብትጠይቀኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አዎ ማለት አልችልም።