ያሳመርኩት ደብዳቤ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም፤ እሁድ እሁድ አብረውኝ የሚጸልዩት ወንድሞችና እህቶችም አያውቁም። የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፤ እሷም ነግሬያት ሳይሆን ራሷ ደርሳብኝ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መፍረድ መብትህ ነው፤ እስክጨርስ ብቻ ታገሠኝ።

ስቶክሆልም የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ዶክትሬቴን የሠራሁት በእንግሊዝኛ የአነጋገር ዘይቤዎች ላይ ነው፦ ጸሐፊው አንድን ቃል ለምን እንደሚደጋግም፣ ግዑዙን ነገር ለምን ሰው እንደሚያደርገው፣ መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ ለምን እንደሚጠይቅ። የሚቀጥረኝ ዩኒቨርሲቲ ሳጣ ጎልማሶች በሚማሩበት ኮምቩክስ ገብቼ ሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ የሚፈልጉት ፈተናውን ማለፍ ነበር። ስለ ተለዋጭ ዘይቤ ማውራት ስጀምር ሰዓታቸውን ያያሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ግን «ዶክተር» ነበርኩ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ከኮሙኑ ማዘጋጃ ቤት ወረቀት የመጣበት፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ይህንንም ደግነት ነው እለው ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት እትዬ ዘነበች ከከተማው ደቡብ ጫፍ ከሮግስቬድ ተነሥተው ሰሜን ጫፍ ሶለንቱና ቤቴ ድረስ መጡ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አረጋውያንን ሲንከባከቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሊዲያ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። ሊዲያ በሃያ ዓመቷ አእምሮዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ለማንም እንዳይነግሩባት እናቷን ለምናለች። እትዬ ዘነበች ግን አንድ እሁድ «የጸሎት ርእስ ያለው» ሲባል ብድግ አሉና እያለቀሱ ሁሉንም ለጉባኤው ተናገሩ። እኛም እጃችንን ዘርግተን ጸለይን። ሊዲያ ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ ሄደች፤ በዚያው ስኮትላንድ ገብታ አገባች። እናቷ ወደ እኔ እስከ መጡበት ቀን ድረስ ዘጠኝ ዓመት ስልካቸውን አላነሣችም።

እትዬ ዘነበች ይዘውት የመጡት የይቅርታ ደብዳቤ ነበር፤ በእጃቸው፣ በእንግሊዝኛ የጻፉት። ሊዲያ አማርኛ ማንበብ አትችልም። «የእኔ ስዊድንኛ ደግሞ የክኒንና የገላ መታጠቢያ ስዊድንኛ ነው» አሉኝ። እንግሊዝኛውን ያወቁት አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳሉ ነው። ስሕተቱን ብቻ እንዳርምላቸውና በኢሜይል እንድልክላቸው ለመኑኝ። አድራሻውን ከልጅቷ ጓደኛ አግኝተውት ነበር።

ስሕተቱን ብቻ። የተጠየቅሁት ይህን ነው።

አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር። ቀይ ብዕሬን አነሣሁና አረምኩ። ከዚያ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የሚሰማኝ ያጣሁበት ሙያ ድንገት ሥራ አገኘ። ልባቸውን በሩ የዛገ ቤት አደረግሁት። ዝምታን ሰው አድርጌ ከማዕዳቸው አስቀመጥሁት። ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮችን በአንድ ቃል አስጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ፣ ሦስተኛው ረዘም ብሎ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። በባቡር ስሄድ ለራሴ በለሆሳስ አነበንበው ነበር። አላፍርም ልበል እንዴ? አፍራለሁ፤ ግን በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። የእሳቸውን ወረቀት ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ወደ ወረቀት መጣያው ከተትኩት። ምን ያደርግልኛል ብዬ?

ስጨርስ ጠርቼ አነበብኩላቸው። ሲያበቃ መሐረባቸውን እያጣጠፉ እንዲህ አሉኝ።

«ያምራል፣ ዶክተር። ግን እኔ መሆኔን ታውቃለች?»

«እንዲያውም ዛሬ ነው በደንብ የምታውቅዎት» አልኳቸው።

አመኑኝ። ዶክተር አይደለሁ! ከራሴ አድራሻ ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ለእኔ ነበር የጻፈችው፤ ጥቂት መስመር ናት። ደብዳቤው ለጉባኤ የሚነበብ ንግግር እንደሚመስል ጠቅሳ፣ ይህ የእናቷ የራሷ ቃል ነው ወይስ የረዳት ሰው አለ ብላ ጠየቀችኝ። እባክህ እውነቱን ንገረኝ፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የበደልኩት። ማሳመሩ ሞኝነት ነበር፤ ሞኝነት ይቅር ይባላል። አሁን ግን ልጅቷ ጥርት ያለ ጥያቄ ጠይቃኛለች፤ እኔም መልሱን አውቃለሁ። «ረድቻቸዋለሁ፣ አብዝቻለሁ፣ ይቅርታ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያንን ለምን አልጻፍኩም? ተናድጄ ነበር። የሳምንት ልፋቴን «ንግግር ይመስላል» ብላ ስታጣጥለው ደሜ ፈላ። ደግሞም እውነቱን ብናገር እትዬ ዘነበች ይሰማሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሰማል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ቃል በቃል የእናትሽ ነው። እኔ መተየብ ብቻ ነው የተየብኩት።»

ከዚያ በኋላ አልጻፈችም። ኢሜይሏን አጠፋሁት። እትዬ ዘነበች በሚቀጥለው እሁድ መልስ መጣ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ገና ነው» አልኩ። በሚቀጥለውም ገና ነው አልኩ። አንድ ዓመት ያህል ጠየቁኝ። ኋላ ላይ አፍ አውጥተው መጠየቁን ትተው ዓይኔን ብቻ ያዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ሰላም ለማለት ዞር እል ነበር። እንዲህ ሆኖም እስከ መጨረሻው ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ጌታ ይባርክዎ ከማለት አልቦዘኑም።

ይህን ስጽፍ ራሴን እየታዘብኩ ነው። ጥያቄ ደረደርኩ፣ ቃል ደጋገምኩ፣ «አንባቢ ሆይ» አልኩህ። ከለመድኩት መላቀቅ አቃተኝ። በዘይቤዬ ልብህ ራርቶልኝ እንደሆነ አትመነው።

እትዬ ዘነበች ባለፈው መጋቢት ዐረፉ። ሊዲያ ከባለቤቷ ጋር መጣች። የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው እኔ ሆንኩ፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? በአማርኛ አንብቤ ስጨርስ ለባሏ ብዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ፖስታ ጠበቁ አልኩ። የስልክ ጥሪ ጠበቁ አልኩ። ሦስተኛውንና ረጅሙን፣ በሩ ተንኳኩቶ የልጃቸውን ድምፅ ለመስማት ጠበቁ የሚለውን ስጀምር፣ ሊዲያ ከፊት ወንበር ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን እስክጨርስ ድረስ አልነቀለችም።

ከቀብር ተመልሰን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሻይ ሲቀርብ አጠገቤ መጥታ ቆመች። በስዊድንኛ ነው ያናገረችኝ። በስዊድንኛ አንቱታ የለም።

«ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ቢያንስ እሱን አልካድኩም። አልጮኸችብኝም። ያን ደብዳቤ ስታነብ እናቷ ዛሬም በሰው ፊት ቆመው በእሷ ስም የሚያለቅሱ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። ቃል በቃል የእሳቸው ነው ስላት ደግሞ ምንም እንዳልተለወጡ ቆጥራ እንደተወችው ነገረችኝ። ሰው ረድቷቸዋል ብላት ኖሮ ደውላ የራሳቸውን ቃል ልትጠይቃቸው ወስና ነበር። ከዚያ እናቷ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ካለ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ጥዬዋለሁ አልኳት። ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሺ። እሷ ምን ብላ ነበር የጻፈችው?»

ወረቀቱ ባለመስመር እንደነበር አስታወስኩ። በሰማያዊ ብዕር እንደተጻፈም አስታወስኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ የተሳሳተ ግስ ነበር፤ እንዴት እንዳረምኩት እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ሊዲያ እየጠበቀችኝ ነበር። እናቷ በገዛ ቃላቸው ያሏትን ግን አንዱንም አላስታወስኩም።

«አላውቅም» አልኳት። «ያነበብኩት ላርመው ነበር።»