አራት ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ጽሑፍ

ቆቦ ውስጥ በነበረ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «መጽሐፍ አውሳለሁ» አልልም ነበር። «እፈልጋለሁ» ነበር የምለው፤ እዚያ ቤት መጽሐፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ የሚያገኘው ሰው ያስፈልገዋል። ከካታሎጉ ካርዶች ግማሾቹ ከመሳቢያው ጠፍተዋል። ፈተና ሲደርስ ጎበዝ የተባለው ተማሪ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ ካርዱን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ መጽሐፉን ደግሞ ሌላው እንዳያገኘው ከማይገናኝ መደርደሪያ ይሸጉጠዋል። እኔ ግን አገኘዋለሁ። የአፈር ሳይንሱን ከሕግ መጻሕፍት ጀርባ፣ የሒሳብ አያያዙን ከመዝገበ ቃላት ሥር አወጣዋለሁ። ይህ ነገር ልቤን አሳብጦት ነበር፤ አልዋሽም።

በእርዳታ ከመጡልን መጻሕፍት ብዙዎቹ ለእኛ የሚሆኑ አልነበሩም። ከመንገድ ላይ በረዶ እንዴት እንደሚጠረግ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ በሦስት ቅጂ ነበረን። ቆቦ ላይ! ግንቦት ገብቶ ቆርቆሮው ሲግል አንዱን አውጥቼ እራገብበት ነበር።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ኮምፒዩተሮች መጡልን። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ በኤሌክትሮኒክስ የተዘጋጁ መጻሕፍትና ጥናቶች የተሞላ አንድ ሃርድ ዲስክም አብሮ ተላከልን። ያንን በየኮምፒዩተሩ ገለበጥነው። ክፍሉ ወፍራም መጋረጃ ተደረገለት፣ በሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጠፈ። አቧራን ለመከላከል ነበር። ተማሪው ግን ቫይረስ በጫማ ይገባል ብሎ ያምናል፤ እኔም ወለሉ ንጹሕ እስከሆነልኝ ድረስ አላረምኩትም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር በግማሽ ልቤ አምኜው ነበር። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ያን ያህል ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት አንዲት ሴት ከሮቢት በየቅዳሜው በሚኒባስ እየመጣች መማር ጀመረች። በቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ናት፤ የአራት ልጆች እናት፣ አርባ ዓመት ያለፋት። ለዲግሪ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤቷ በዚህ ዓመት ካልተመረቀች ወደ ሌላ ወረዳ፣ ከልጆቿ ርቃ እንደምትዛወር አስታውቋታል። ይህን የነገረችኝ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ነው።

«ምን ልፈልግልዎ?» አልኳት።

«ኸረ አንቺ በይኝ! እዚህ ቤት እኔ ተማሪ፣ አንቺ አስተማሪ» አለችና ሳቀች። የምትፈልገው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ ስለማጠጣት የተጻፈ ነገር ነው። የራያ ገበሬ ከድሮ ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ ሥርዓት አለው። እሷ ያንን ሥርዓት ልትጽፍ ነው።

ካታሎጉን ፈተሽን፣ የለም። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አየን፣ የለም። በመጨረሻ ጫማዋን አስወልቄ ኮምፒዩተር ክፍል አስገባኋትና ቃሉን በእንግሊዝኛ እየለዋወጥኩ ስፈልግ አንድ ጥናት ወጣ። ስለ ሌላ አገር የተጻፈ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያለው የአፈር ግድብ ግን ቁርጥ የእኛው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ወላሂ የአባቴ ማሳ ነው!» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ያለ እኔ ምንም አትነካም ነበር።

ኮምፒዩተር ስለሌላት በአራት ቁጥሩ ላይ በስሟ ፎልደር ከፈትኩላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ጣቷ እየፈለገች ትጽፋለች። ገበሬዎቹን የጠየቀችበት ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ነበር። ከሁሉ የምትሳሳለት ግን ከዋጃ መለስ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የነገሯትን ነው። የውሃ አባት ነበሩ፤ ገበሬው የጎርፉን ተራ እንዲያከፋፍሉለት የመረጣቸው ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጽፋለች። ያ ሁሉ ተተይቦ ሲያልቅ ከረጢቱን እያየች «እንግዲህ ይሄን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

«ኮምፒዩተር ላይ ከገባ ምን ያደርግልሻል? ቤት ከማጣበብ በቀር» አልኳት፤ እንደ አዋቂ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቱን ለባሏ እህት እንደሰጠቻት ነገረችኝ። ሴትየዋ መንገድ ዳር ቆሎ ትሸጣለች፣ መጠቅለያ አጥታ ነበር። ሁለታችንም የራያ ሽማግሎች ቃል ቆሎ ተጠቅልሎበት በአውቶቡስ ወደ መቀሌ ሄደ ብለን ሳቅን።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ ፍላሹን አራት ቁጥር ላይ ሰክቶ ወጣ። ቀጥሎ የተቀመጠችው ልጅ ጠራችኝ። ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል፤ ስጫናቸው አይከፈቱም። ደነገጥኩ። ሰኞ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሲጠረግና ኖራ ሲቀባ ነበር የሰነበተው። የኮሌጁ የኮምፒዩተር ባለሙያ ከፊት ለፊት ካለው ብሎክ ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። አልጠራሁትም። ከወራት በፊት ስክሪኑን «ኮምፒዩተሩ» ስል ሰምቶ በተማሪ ፊት ስቆብኝ ነበር፤ ዳግመኛ አፌን ከፍቼ አልጠይቀውም ብዬ ምዬ ነበር።

ፎርማት ማድረግ፣ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ባዶ ማድረግ ማለት ነው፣ ከአንድ ተማሪ አይቼ ተምሬአለሁ። የሴትየዋ ፎልደር ትዝ አላለኝም ብል ደስ ባለኝ። ትዝ ብሎኛል። ስሟ ከነቀስቱ እዚያው ዓይኔ ሥር ነበር። ሁለት ጊዜ ተጫንኩት፣ አልከፈት አለ። እንግዲህ ሄዷል፣ የሄደ ነገር ምን አደርገዋለሁ አልኩና ሁሉንም አጠፋሁት። ከዚያ ከመሳቢያዬ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ መጻሕፍቱን መልሼ ገለበጥኩበት። ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ሠራ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት ኮራ ብዬ ነው።

ቅዳሜ መጣች። ጫማዋን ስታወልቅ ጠብቄ «ቫይረስ በላው» አልኳት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነበር፤ ማንም በማንም አይፈርድበትም።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ፎልደሯን ስክሪኑ ላይ በዓይኗ ፈለገች። «ሁሉንም?» አለች። «ሁሉንም» አልኩ። ፊቴ ተለዋውጦ ነበር መሰለኝ፣ እጄን ያዘችና «አብሽሪ፤ አንቺ ምን ታደርጊ? አላህ ያለው ነው» አለችኝ። እኔን አጽናንታ፣ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

ወር ያህል ቆይቶ አንድ መምህር ፍላሹ እንደተበላሸ እየተማረረ ወደ እኛ ክፍል ገባ። የኮምፒዩተር ባለሙያው በአጋጣሚ እዚያ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያንኑ ቀስት አየሁ፤ ያንኑ። ባለሙያው እያወራ ሁለት ሦስት ቦታ ተጫነ፣ የተደበቀውን አሳይ የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። ፎልደሮቹ በሙሉ አንድም ሳይጎድል ብቅ አሉ።

«ቫይረሱ ይደብቃል እንጂ አያጠፋም» አለ።

«ፎርማት ያደረገውስ ሰው?» አልኩት።

«እሱ ራሱ ነዋ ያጠፋው!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አላስደስት አለኝ። ተማሪ መጽሐፍ ስፈልግለት «አንቺ እኮ አትቻዪም» ሲለኝ እቆጣ ነበር፤ ምን እንደሆንኩ አያውቁም። እነግራታለሁ እያልኩ ቅዳሜ ሲደርስ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፣ መደርደሪያ እጠርጋለሁ። እሷ በበኩሏ እንደገና ለመጻፍ ተነስታ ነበር። ጥቂት ገበሬዎች ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ወደ ዋጃ ስትሄድ ግን የውሃ አባቱ ከሞቱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ልጃቸው ጥቂት ጥቂት ያውቃል፤ የተራውን ሥርዓት ግን እንደ አባቱ አያውቀውም። ጊዜው አለፈ። ስሟ በተመራቂዎቹ ዝርዝር ላይ አልወጣም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ክሊራንስ ልታስፈርም መጣች። ኮሌጁን የሚለቅ ሰው ከየክፍሉ ንብረት እንዳልወሰደ የሚያስፈርምበት ወረቀት ነው። ዝውውሩ ደርሷት ነበር። ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች አያታቸው ዘንድ ይቀራሉ፣ ሁለቱን ትንንሾች ይዛ ትሄዳለች። ትንሿ ዕቃ ሲታሰር እያየች ታለቅሳለች አለችኝ። መዝገቤን ገልጬ አየሁ፤ አንድ መጽሐፍ እንኳ በስሟ የለም። ፈረምኩ።

«አንድ ነገር ሳልነግርሽ» አለች። «ያ የጠፋው ጽሑፍ መጀመሪያው ላይ ምስጋና የሚባል ገጽ ነበረው አይደል? አንቺን ነበር ያስቀደምኩ። ከባለቤቴም ከአስተማሪዬም በፊት። አገላብጣ የፈለገችልኝ እሷ ናት ብዬ። ባይነበብም እወቂው ብዬ ነው።»

ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩትና ቀና ሳልል ተናገርኩ። ጽሑፍሽ አልጠፋም ነበር አልኳት። ተደብቆ ነበር፣ እዚያው ነበር። ሰው መጠየቅ አሳፍሮኝ በገዛ እጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ካወቅሁ ሁለት ወር አልፎኛል። በከረጢት የነበረውን ወረቀትም እንድትጥዪው ያደረግሁ እኔው ነኝ። ይቅር በይኝ።

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። እኔ እስክትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ አየችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ማኅተሙ አልወጣም፤ ድገሚልኝ» አለችኝ።

ደገምኩላት።